ውሃ የቦረቦረው፣ እምነት የጠበቀው ዋሻ፦ ሶፍ ዑመር ጎብኚ ሲበዛበት ምን ይሆናል?

ረዘም ያለ የበዓል ዕረፍት ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ የቡድን ጉዞ ማስታወቂያ ይበዛል። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሰራጩት ጥሪዎች ሌሊት ከስታዲየም ወይም ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ሐይቅ፣ ተራራ ወይም ገዳም አይቶ ለመመለስ ይጋብዛሉ። ከመዳረሻዎቹ አንዱ ባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ስለ ዋሻው ሲወራ ሦስት አባባሎች አብረው ይዞራሉ፦ «የአፍሪካ ረጅሙ ዋሻ ነው»፣ «በዩኔስኮ ተመዝግቧል»፣ «በፈለጉት ወቅት መሄድ ይቻላል»። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ተረጋግጦ የሌሊት ወፍ ስም በቫይረሱ ተሸካሚነት ሲነሳ ደግሞ፣ በተቃራኒው ዋሻ የሚባል ነገር ሁሉ የሚያስፈራቸው ሰዎች በዙ።

ጉጉቱም ፍርሃቱም ዋሻው እንዴት እንደሚሠራ ከማወቅ የመነጩ አይደሉም። ሶፍ ዑመር እንደ ሙዚየም አዳራሽ ተዘግቶ የሚከፈት ቦታ አይደለም። ዌይብ የተባለው ወንዝ በአንድ አፉ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ምእመናንም ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ይመላለሱበታል። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሆኖ ይግባ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በወንዙና በእምነቱ ውስጥ ነው፤ እስካሁን በዋና ከተማዋ የሚካሄደው ውይይት ግን ሁለቱንም የሚያልፋቸው ይመስላል።

«ረጅሙ» እና «የተመዘገበው»

ከአባባሎቹ ሁለቱን አስቀድሞ ማጥራት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ዋሻ አሳሾች ሶፍ ዑመርን ለክተው ካርታ ሲያነሱለት ርዝመቱን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ አገኙት። በጊዜው ይህ ከአፍሪካ ረጃጅም ዋሻዎች ተርታ የሚያስቀምጠው ነበር፤ «የአፍሪካ ረጅሙ» የሚለው ስምም ከዚያን ጊዜ ወዲህ አብሮት ቆይቷል። አሁን ግን በማዳጋስካርና በአልጄሪያ ከዚህ የሚረዝሙ ዋሻዎች ተለክተዋል። ሶፍ ዑመር በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ መሆኑ አልተቀየረም።

ርዝመቱ ሲባል ምን ማለት እንደሆነም ብዙ ጊዜ አይብራራም። የዋሻ ርዝመት የሚባለው ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለው ርቀት ሳይሆን የተለኩት መተላለፊያዎች ሁሉ ድምር ነው። ወንዙ ከላይኛው አፍ ከአዬ ማኮ ገብቶ በታችኛው አፍ በሆሉቃ ሲወጣ ከመሬት በታች የሚሄደው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የቀረው ግራና ቀኝ የሚሰነጣጠቅ፣ ተመልሶ የሚገናኝ የመተላለፊያ ጥልፍልፍ ነው፤ ወደ ውጭ የሚከፈቱት አፎቹም ከ40 በላይ ናቸው። ጎብኚ ያለ መሪ መንገድ የሚጠፋበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የዩኔስኮ ጉዳይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሶፍ ዑመር በፓርኩ ክልል ውስጥ አይደለም፤ ከሮቤ ከተማ ወደ ምሥራቅ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቆላው ይገኛል። ዋሻው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው በጊዜያዊ መዝገብ ላይ ነው። ጊዜያዊ መዝገብ አንድ አገር «ወደፊት ለዓለም ቅርስነት ላቀርበው አስቤያለሁ» ብላ የምታስገባው ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ መስፈር ለዕጩነት የሚያበቃ የመጀመሪያ እርምጃ ነው እንጂ ምዝገባ አይደለም። ለምዝገባ ዝርዝር ሰነድ፣ የተከለለ ወሰንና በሥራ ላይ የሚውል የአስተዳደር ዕቅድ ያስፈልጋል። በዚሁ መዝገብ በዚያው ዓመት የሰፈረው፣ ምእመናን የሚሳለሙት ድሬ ሼህ ሁሴንም ከሶፍ ዑመር ጋር በታሪክም በእምነትም የተሳሰረ ነው።

በአዲስ አበባ ገጽ ላይ የሌለው ድንጋይ

አዲስ አበባ የቆመችው በእሳተ ገሞራ ዓለት ላይ ነው። እንጦጦና የካ፣ በየመንደሩ የተነጠፈው ጥቁር ኮብልስቶን፣ በፒያሳ የቆዩ ቤቶች ግድግዳ ሁሉ ቀልጦ ከፈሰሰ ወይም ከእሳተ ገሞራ አመድ ተጠቅጥቆ ከጠነከረ ድንጋይ የተገኙ ናቸው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ይሸረሸራል፣ ይፈረካከሳል፤ በዝናብ ውሃ ተሟሙቶ ኪሎ ሜትሮች የሚዘልቅ ዋሻ ግን አይወጣውም። በየካ በኩል ያለው ዋሻ ሚካኤል ሰው በመሣሪያ ከዓለት የፈለፈለው ቤተ መቅደስ ነው። ሶፍ ዑመር ከዚህ በአፈጣጠሩ ፈጽሞ ይለያል፤ ከተሜው ጎብኚ ዋሻ ሲባል በአእምሮው የሚመጣለትን ይዞ ከሄደ የሚያየውን በቀላሉ ላይረዳው ይችላል።

ሶፍ ዑመር የተፈጠረው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ በሲሚንቶ ፋብሪካዎች አካባቢ ላይምስቶን የሚባለው ማለት ነው። ይህ ድንጋይ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ከሙገርና ከደርባ ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶና ተቃጥሎ ሲሚንቶ ይሆናል፤ በካዛንቺስና በሜክሲኮ የሚነሱት ፎቆች ኮንክሪትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በዩራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ ዛሬ ኢትዮጵያ የምንለው ምድር ሰፊ ክፍል በባሕር ተሸፍኖ ነበር። የባሕር እንስሳት ቅርፊትና የኖራ ደለል በወለሉ ላይ እየተነባበረ ጠነከረ። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ በስንጥቆች የፈሰሰው ቅልጥ ዓለት ደጋውን አለበሰው። አዲስ አበባ ያለችው በእሳተ ገሞራው ልብስ ላይ ነው። ወንዞች ይህን ልብስ ቀደው በገቡበት ሁሉ፣ በዓባይ፣ በሙገር፣ በዋቢ ሸበሌና በዌይብ ሸለቆዎች፣ ጥንታዊው የባሕር ወለል ተመልሶ ይታያል።

ዝናብ በአየርና በተለይም በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ደካማ አሲድ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገው ይኸው አሲድ ነው። የኖራ ድንጋይ በዚህ ውሃ ቀስ እያለ ይሟሟል። ድንጋዩ ስንጥቅ ካለው ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ያሰፋዋል፤ የሰፋው ደግሞ የበለጠ ውሃ ይስባል። በዚህ ዓይነት መሟሟት የሚፈጠረውን ምድር፣ ከነዋሻው፣ ከነጠፊ ወንዙና ከነምንጩ፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ካርስት ይሉታል።

ዓምዶቹ የቆሙት እንዴት ነው?

በሶፍ ዑመር ሰው ቆሞ የሚቀረው የዓምዶች አዳራሽ በሚባለው ክፍል ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱት ግዙፍ ዓምዶች የግንበኛ እጅ ያረፈባቸው ይመስላሉ። ብዙ ሰው ዓምዶቹን ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ የገነባቸው አድርጎ ይገልጻቸዋል። የሚንጠባጠብ ውሃ የያዘውን ኖራ ጥሎ የሚሠራቸው ቅርጾች በርግጥ አሉ፤ ከጣሪያ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ስታላክታይት፣ ከወለል ወደ ላይ የሚያድገው ስታላግማይት ይባላል። የሶፍ ዑመር ዋና ዓምዶች ግን ከእነዚህ ወገን አይደሉም። የአካባቢው የኖራ ድንጋይ እርስ በርሳቸው በሚቋረጡ አቅጣጫዎች ተሰነጣጥቋል። ወንዙ ሲሞላ በከፍተኛ ግፊት በስንጥቆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ሁሉንም ያሰፋል። በመካከል ውሃው ያልወሰደው ዓለት ዓምድ ሆኖ ቀረ። የተጨመረ ነገር የለም፤ የምናየው ከተወሰደው የተረፈውን ነው።

ይህ ለጉዳዩ ትልቅ ትርጉም አለው። ዓምዶቹን የቀረጸው ጎርፍ ዛሬም አልቆመም። ዋሻው ይህን ቅርጽ የያዘው በየጊዜው በውሃ ስለሚሞላ ነው።

በጠብታ የተሠሩ ቅርጾች የሚበዙባቸው ዋሻዎች በሌላ አካባቢ፣ በምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አሉ። ስታላግማይት ንብርብር እየሠራ ስለሚያድግ፣ በንብርብሮቹ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነቶች መጠን በየዘመኑ ስለዘነበው ዝናብ ይመሰክራል። ዕድሜው ደግሞ በውስጡ ባሉት ዩራኒየምና ቶሪየም በተባሉ ንጥረ ነገሮች መጠን ይለካል። በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት ክፍል በቆዩበት ጊዜ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በመቻራ ስታላግማይቶች ላይ የሠሯቸው ጥናቶች፣ የዝናብ መለኪያ መሣሪያ ከመተከሉ በፊት በአገራችን ስለነበረው የዝናብ መዋዠቅ መረጃ ሰጥተዋል። የአየር ጠባይ መለኪያ መዝገባችን አጭር ነው፤ ድርቅ ደግሞ ስንት ጊዜ ጎድቶናል። ጎብኚ ለማስታወሻ ሰብሮ የሚወስደው ቁራጭ የዚህ መዝገብ ገጽ ነው። የኖራ ጠብታ የብዙዎቹን ቅርጾች ቁመት በዓመት ከሚሊ ሜትር በታች ስለሚጨምር የተሰበረው በሰው ዕድሜ አይተካም።

ትውፊቱ ምን ይላል? ምንስ ሠራ?

በአካባቢው ትውፊት ዋሻው ስሙን ያገኘው በ12ኛው መቶ ዘመን ገደማ ከኖሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር አሕመድ ነው። ሼሁ ከተከታዮቻቸው ጋር በዋሻው ተጠልለው ያስተምሩና ይሰግዱ እንደነበር ይነገራል። የላይኛው አፍ ስም፣ አዬ ማኮ፣ የልጃቸው ስም እንደሆነም ይተረካል። አስጎብኚዎች ጎብኚውን ሲመሩ የጸሎት ስፍራ፣ የጉባኤ ስፍራ እያሉ ክፍሎቹን ይጠራሉ። የሶፍ ዑመር ክብር ደግሞ ከባሌው ታላቅ መምህር ከሼህ ሁሴን ጋር የተያያዘ ነው፤ በዓረፋና በመውሊድ ከሩቅ አገር ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን ሶፍ ዑመርንም የጉዟቸው አካል ያደርጉታል። ቦታው ከእስልምና በፊትም በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ የከበረ እንደነበር የሚናገሩ አሉ። ወደ አካባቢው ከተጓዙ ቀደምት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ያለፈው አሜሪካዊው አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ነው፤ እርሱ ሲደርስ ቦታው የቆየ የጸሎት ስፍራ ነበር።

በአዲስ አበባ ውይይት እዚህ ላይ ሁለት ጫፎች ይታያሉ። አንደኛው ወገን «ትውፊቱ ተረት ነው፣ ዋሻውን የሠራው ውሃ ነው» ብሎ ሌላውን ሁሉ ይዘጋል። ሌላው ደግሞ ሳይንሱን እምነትን ሊነካ እንደመጣ ያየዋል። ሁለቱ ግን የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። የሥነ ምድር ጥናት ቦታው እንዴት እንደተፈጠረ ይናገራል፤ ትውፊቱ ቦታው ለማን ምን እንደሆነና ሰው በውስጡ እንዴት መሆን እንዳለበት ይናገራል። ሼሁ በዋሻው ተጠለሉ የሚለው ትረካና ዋሻውን ዌይብ ቦረቦረው የሚለው ማብራሪያ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። እንዲያውም መጠለያ የሆነው ውሃው አስቀድሞ ስላዘጋጀው ነው።

ከዚህም በላይ ትውፊቱ የሠራው ሥራ አለ። ቅጥር፣ ጠባቂና ትኬት ሳይኖር ዋሻው ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው ቅዱስ ስፍራ በመሆኑ ነው። ድምፅ ከፍ የማይደረግበት፣ የማይሸናበት፣ ድንጋዩ የማይፈነከትበት ቦታ ሆኖ መኖሩ ያልተጻፈ የጥበቃ ሕግ ነው። ይህን ሕግ የማያውቅ ጎብኚ በብዛት ሲመጣ፣ ሕጉን የሚያውቀው ሰው ቁጥር ከጎብኚው አንጻር ያንሳል። ክልከላው በጽሑፍ ስላልተለጠፈ እንግዳው እንደሌለ ይቆጥረዋል። በግድግዳ ላይ ስም መጻፍ፣ ሙዚቃ ከፍቶ መጨፈር፣ በጸሎት ላይ ያለን ሰው ሳያስፈቅዱ መቅረጽ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ክፍተት ነው። አንድ ጎብኚ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በአንዋር መስጊድ ግቢ የማያደርገውን በሶፍ ዑመር የሚያደርገው፣ ማንም የጸሎት ቤት እንደሚገባ ስላልነገረው ነው።

ዌይብ የአዲስ አበባን ወቅት አይከተልም

ከአባባሎቹ ሁሉ አደገኛው «በፈለጉት ወቅት» የሚለው ነው። ዌይብ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ነው። የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ የተራሮቹ ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ዋሻው ያለው ግን በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በደረቅ ቆላ ነው። ወንዙን የሚሞላው ዝናብ የሚዘንበው ጎብኚው ከቆመበት ብዙ ርቆ ነው። በሆሉቃ በር ፀሐይ እየጠራች፣ ደመና ሳይኖር፣ ከደጋ የተነሳ ውሃ ሊደርስ ይችላል። ሜዳ ላይ ወንዝ ሲሞላ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በዋሻ ውስጥ ግን ጎን የለም፣ ውሃው ያለው ምርጫ ወደ ላይ መነሳት ነው። ስለዚህ በሸለቆ ሲታይ መጠነኛ የሆነ ሙላት በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በፍጥነት ከፍ ይላል። ዋሻውን ከአፍ እስከ አፍ ለማቋረጥ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስለሚያስፈልግ፣ ከገቡ በኋላ የመጣ ሙላት ከፊትም ከኋላም መንገድ ይዘጋል።

ወቅቱ ላይ ያለው ስህተት የሚመነጨው የአዲስ አበባን ክረምት ለአገሩ ሁሉ ከማድረግ ነው። ለከተማዋ ነዋሪ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ ይፈነዳል፣ የጉዞ ወቅት ይከፈታል። የደቡብ ምሥራቁ ቆላ ግን ሁለት የዝናብ ጊዜ አለው፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም እስከ ኅዳር። የባሌ ደጋ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ረጅም ጊዜ ዝናብ ያገኛል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ሰው በብዛት የሚንቀሳቀስባቸው መስቀል፣ ኢሬቻና ፋሲካ በሙሉ ወንዙ ሊሞላ በሚችልባቸው ወራት ላይ ይወድቃሉ። ገናና ጥምቀት በአንጻሩ በደረቁ ጊዜ ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉብኝት ይመረጣል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በሰሜን ታይላንድ የተከሰተው ይህንን በግልጽ ያሳያል። ታም ሉአንግም የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው፤ ተራራው በአካባቢው አፈ ታሪክ የተኛች እመቤት ተደርጎ ይታያል፣ በዋሻው ደጃፍም ሰው ይጸልያል። የዝናብ ወቅት በሚጀምርበት ጊዜ 12 ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው ገብተው ውሃው መውጫቸውን ዘጋው። ሁሉም በሕይወት እስኪወጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ፤ በማዳኑ ሥራ አንድ ጠላቂ ሕይወቱን አጣ። ለዚያ ሥራ ከብዙ አገሮች የመጡ የዋሻ ጠላቂዎች፣ ፓምፖችና የጦር ኃይል ድጋፍ አስፈልገዋል። ተመሳሳይ ነገር በሶፍ ዑመር ቢደርስ እርዳታው በመጀመሪያ መጓዝ ያለበትን ርቀት ማሰብ ይበቃል።

ርቀቱ ራሱ አደጋውን ያባብሰዋል። ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሮቤ ዋሻው ድረስ ያለው ሲጨመርበት አንድ መንገድ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ገንዘብ ሰብስቦ፣ የሁለት ቀን ዕረፍት ብቻ ያላቸውን ሰዎች ይዞ የሄደ አስተባባሪ ዋሻው አፍ ደርሶ «ዛሬ አንገባም» ለማለት ይከብደዋል። ይህ የአንድ ሰው የባሕርይ ድክመት አይደለም፤ ጉዞው ሲታቀድ የተፈጠረ ግፊት ነው። ስለዚህ መፍትሔውም ከመነሳት በፊት ያለ ነው። ውሃ ካለ ዋሻው ከውጭ ብቻ እንደሚታይ፣ ቀኑ በዲንሾ ወይም በጎባ አካባቢ ሌላ ነገር በማየት እንደሚሞላ፣ ውሳኔው የአካባቢው አስጎብኚ እንደሆነና ገንዘብ እንደማይመለስ በማስታወቂያው ላይ ቢጻፍ ግፊቱ ይቀላል። ወንዙ ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ፣ ድምፁ ሲቀየር ምን እንደሚከተል የሚያውቀው በዳሩ ያደገ ሰው ነው።

የሌሊት ወፍና የማርበርግ ስጋት

ማርበርግ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመንና በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የቤተ ሙከራ ሠራተኞች ሲታመሙ ነው። የቫይረሱ የተፈጥሮ ማደሪያ ፍራፍሬ በሊታ የሆነው፣ የግብጽ የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ የሚባለው ዝርያ ነው። ይህ ዝርያ በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ በብዙ ሺህ ተሰብስቦ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኡጋንዳ ፓይተን የሚባለውን ዋሻ የጎበኘች አንዲት የኔዘርላንድስ ዜጋ በዚሁ በሽታ ሞታለች፤ በዚያው ዋሻ የነበረች አሜሪካዊትም ታምማ ድናለች። ከዚያ በኋላ ኡጋንዳ ጎብኚዎች ከርቀት ቆመው የሚያዩበት መመልከቻ አዘጋጀች።

ስጋቱ እንግዲህ መሠረት አለው። የሚያሰጋው ግን ዋሻ በጥቅሉ አይደለም፤ የዚህ ዝርያ መንጋ በጣሪያው የሰፈረበት፣ ኩሱ ወለሉን የሸፈነበት ዝግ ዋሻ ነው። አብዛኞቹ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ነፍሳት በሊታ ናቸው፤ በአንድ ሌሊት የሚበሉት የትንኝና የተባይ ብዛት ለገበሬው ትልቅ ጥቅም ነው። በሶፍ ዑመር የሌሊት ወፎች አሉ፤ ወንዝ የሚያጥበው፣ ብዙ አፍ ያለውና አየር የሚዘዋወርበት ዋሻ መሆኑም መታወስ አለበት። ጥንቃቄው ቀላል ነው፦ የሌሊት ወፍ በተሰበሰበበት ጣሪያ ሥር አለመቆም፣ ኩስ የነካውን ድንጋይ በባዶ እጅ አለመንካት፣ በዋሻ ውስጥ አለመብላት፣ የሞተ ወይም የወደቀ እንስሳ አለማንሳት። ወፎቹን በጭስ ማባረር ግን የተደናገጠ መንጋ በየቦታው እንዲበተን ያደርጋል፤ በኡጋንዳ ኪታካ በተባለ የማዕድን ጉድጓድ የሌሊት ወፎቹ ከጠፉ በኋላ ተመልሰው የሰፈሩት ላይ ቫይረሱ ከቀድሞው በዝቶ ተገኝቷል።

መብራት፣ ደረጃ፣ ሲሚንቶ

ልማትን በተመለከተ የሚነሱት ሁለት ሐሳቦች ሁለቱም ጠንካራ መነሻ አላቸው። አንዱ፣ መንገድ፣ መብራት፣ ደረጃ፣ መጸዳጃና ማረፊያ ካልተሠራ ጎብኚ አይቆይም፣ ካልቆየም ለአካባቢው ገንዘብ አይገባም ይላል። የዋሻው ጎረቤት የሆነው አርብቶ አደርና ገበሬ እስካሁን ከዝናው ያገኘው ጥቅም አነስተኛ መሆኑን ለሚያይ ይህ ችላ የሚባል ክርክር አይደለም። ስሎቬኒያ ያለው የፖስቶይና ዋሻ ከ1819 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ በውስጡ ባቡር መሄድ ከጀመረ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አካባቢውንም ይመግባል። ሌላው ሐሳብ፣ ዋሻን ማሳመር ዋሻን መግደል ነው ብሎ ፈረንሳይ ያለውን የላስኮ ዋሻ ይጠቅሳል። ጥንታዊ ሥዕሎቹ በጎብኚ ትንፋሽና በመብራት ሳቢያ አልጌ የሚባል፣ እርጥብ ነገር ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ሽፋን ስለወረራቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተዘግቷል።

ሶፍ ዑመር ግን ሁለቱንም አይመስልም። ላስኮ ዝግና ጠባብ ነበር፤ እዚህ አየሩ በብዙ አፎች ይታደሳል፣ ስለዚህ ትንፋሽ ያን ያህል ጉዳት አያመጣም ብሎ መገመት ይቻላል። መብራት ግን ሌላ ነው። ቋሚ መብራት ባለበት እርጥብ ድንጋይ ላይ አልጌና የድንጋይ ሽበት ይበቅላሉ፤ ድንጋዩን ያቆሽሻሉ፣ ቀስ በቀስም ይበሉታል። ጉዳዩን የሚያውቁ አገሮች መብራቱን ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ ያደርጋሉ። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ደግሞ ጎርፉ ነው። ዓምዶቹን የቀረጸ ውሃ በየዓመቱ የሚያልፍበት ወለል ላይ የተተከለ ደረጃ፣ ሽቦና የሲሚንቶ መደገፊያ ወይ ተጠርጎ ይሄዳል፣ ወይ ውሃውን ገትቶ አቅጣጫውን ይቀይራል። አቅጣጫው የተቀየረ ውሃ እስከዛሬ ያልነካውን ዓምድ እግር መብላት ይጀምራል። እዚህ ላይ የጸሐፊው አቋም ግልጽ ነው፤ ማረፊያው፣ መጸዳጃውና የመረጃ ማዕከሉ ከዋሻው ውጭ፣ ከሙላቱ መስመር በላይ ቢሠራ፣ ውስጡ ግን በእጅ ባትሪና በአስጎብኚ ቢታይ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን ያገኛል። የሚያድረው ጎብኚ ገንዘቡን የሚያወጣው ለመኝታና ለምግብ ስለሆነ ለነዋሪው የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው።

ወሰኑ የት ላይ ይቁም?

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ ዜጋም ድርሻ አለው። ለዓለም ቅርስነት ሰነድ ሲዘጋጅ ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣው የወሰን ጥያቄ ነው። የኖራ ድንጋይ ውሃን አያጣራም። በአሸዋማ መሬት ቀስ ብሎ የሚሰርግ ውሃ ብዙ ቆሻሻውን በመንገድ ይተዋል፤ በካርስት ግን ውሃው በስንጥቅ ገብቶ እንዳለ በሌላ በኩል ይወጣል። በዋሻው ውስጥ የተጣለ ፕላስቲክም ሆነ የፈሰሰ ሳሙና ከሆሉቃ በታች ሰውና ከብት የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ይገባል። ዌይብ ከዚያ ወርዶ ከገናሌ ጋር ይገናኛል፤ ገናሌና ዳዋ ደግሞ ዶሎ ላይ ተገናኝተው የጁባን ወንዝ ይፈጥራሉ።

ከላይ ያለው ክፍል ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ዌይብና ገባሮቹ የሚያልፉበት የባሌ ደጋ ከአገሪቱ ዋና ዋና የስንዴ ማሳዎች አንዱ ነው፤ ማዳበሪያውም ፀረ አረሙም በዝናብ ታጥቦ የሚሄደው ወደ ወንዙ ነው። በደጋው ያለው ደን ሲመናመን የዝናቡ ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ሙላቱ ይፈጥናል፣ ደለሉም ይበዛል። በዋሻው አፍ ዙሪያ አጥር አጥሮ ትኬት መቁረጥ ይህን አይነካውም። ወሰኑ ከአዬ ማኮ እስከ ሆሉቃ ብቻ ይሁን ወይስ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይሂድ የሚለው ውሳኔ፣ የሮቤንና የጎባን ከተሞች ፍሳሽ፣ የገበሬውን ማሳ፣ የቦታውን ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥን ይጠይቃል። የአስተዳደር ዕቅዱ የሚለካውም ይህን ጠረጴዛ ማዘጋጀት በመቻሉ ነው።